ማርክ ከመስጠታችሁ በፊት፦ የታሪክ ክፍል ምዘናና ደንብ እንዴት ይዘጋጃል?

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ካርድ በተሰጠ ማግስት፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ምን አጥፍቼ ነው 54 ያገኘሁት?» አለችኝ። «ምን ተሳስቼ» አላለችም። «ምን አጥፍቼ» ነው ያለችው።

የማርክ መዝገቤን ገልጬ ላስረዳት ሞከርኩ። ሁለት ቀን አርፍዳ ስለገባች 4 ቀንሼባታለሁ። አንድ ቀን ስታወራ ስላገኘኋት 3። አሳይንመንቷን ሁለት ቀን አሳልፋ ስላመጣች ከ10 ዜሮ። ስደምረው 17 ማርክ ሆነ። ልጅቷ ታሪክ ታውቃለች። ካርዷ ላይ የሰፈረው ቁጥር ግን ስለ ታሪክ እውቀቷ ምንም አይናገርም ነበር። እኔ በማርክ ስቀጣት ነው የከረምኩት።

ከዚያ ወዲህ ደንቤን ከስር ጀምሬ ሠራሁት። በየዓመቱም አሻሽለዋለሁ። አዲስ ለምትጀምሩ የታሪክ መምህራን ይጠቅማል ብዬ ቅደም ተከተሉን እነሆ ብያለሁ። ወላጆችም ብታነቡት ልጃችሁ ምን እንደሚጠበቅበት ታውቃላችሁ።

1. ማርኩ ምን እንደሚለካ ወስኑ

እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። አንድ ተማሪ 80 አገኘ ማለት ምን ማለት ነው? የእኔ መልስ ሦስት ነገር ይዟል። ምን እንደተፈጸመ ያውቃል። ለምን እንደተፈጸመ ማስረዳት ይችላል። አንድ ጽሑፍ ሲሰጠው ማን እንደጻፈውና ለምን እንደጻፈው ይጠይቃል። በቃ።

ማርፈድ፣ ማውራት፣ ዩኒፎርም አለመልበስ፣ ፀጉር፣ ስልክ ከዚህ ውስጥ አይገቡም። ዝም ይባሉ ማለቴ አይደለም። የራሳቸው መንገድ አላቸው። መጀመሪያ ልጁን ለብቻው ማነጋገር፣ ከዚያ የሆም ሩም መምህሩ፣ ከዚያ ወላጅ፣ ካስፈለገ ዩኒት ሊደር (የክፍሎቹ አስተባባሪ መምህር)። ማርክ የምንቀንሰው ቀላል ሆኖ ስለሚታየን ነው እንጂ ጸባይ በማርክ ሲታረም አላየሁም።

2. መቶውን አከፋፍሉ

የመጨረሻው ፈተና ከመቶ ስንት እንደሚይዝ ትምህርት ቤታችሁ ይወስናል። እኔ የምሠራው 60 ለተከታታይ ምዘና፣ 40 ለፋይናል በሆነበት ነው። ስልሳውን እንዲህ እከፍለዋለሁ።

- ሁለት ቴስት፣ እያንዳንዱ 10
- በክፍል ውስጥ የሚጻፍ አንድ አጭር ድርሰት፣ 10
- ሁለት የምንጭ ንባብ ሥራ፣ እያንዳንዱ 5
- የቃል ታሪክ ፕሮጀክት፣ 15
- ደብተርና የክፍል ተሳትፎ፣ 5

ደብተር 5 ብቻ የሆነው ሆን ብዬ ነው። ባለቀለም እስክሪብቶ መግዛት የቻለ ልጅ በዚያ ብቻ መብለጥ የለበትም። እኔ የማየው ማስታወሻው መሟላቱንና የተሳሳተውን ማረሙን ነው። በተሳትፎም ቢሆን እጅ ማውጣት ብቻ አይቆጠርም። ዝምተኛ ሆነው ጥያቄያቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው የሚሰጡኝ ልጆች አሉ። እሱም ተሳትፎ ነው።

ይህን ስታቅዱ የተማሪ ቁጥር አትርሱ። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ ካለና አምስት ክፍል ከያዛችሁ 300 ወረቀት ነው። አንድ ድርሰት በሦስት ደቂቃ ብታርሙ እንኳ 15 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ድርሰቱን ለሁሉም ክፍል በአንድ ሳምንት አትስጡ። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ብቻ ካደረጋችሁት በአምስት ሳምንት ታዳርሳላችሁ። እናንተም ሳትሰላቹ ታነባላችሁ።

3. ደንቡን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በመጀመሪያው ሳምንት አሳውቁ

ገጹ ላይ ሁለት ነገር ይኑር። ከላይ ያለው የማርክ ክፍፍልና ከተማሪው የሚጠበቀው። የሚጠበቀውን አታብዙት። የእኔ አምስት ናቸው። በሰዓቱ ግባ። ደብተር ያዝ፤ መጽሐፍ ከሌለህ ከጓደኛህ ጋር ተቀመጥ። የሌላውን ሐሳብ እስኪጨርስ አዳምጥ። የማንንም ሕዝብ ያለፈ ታሪክ በስድብ አታንሳ። ያልገባህን ጠይቅ።

ተማሪዎቹ ይህን በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ይገልብጡት። ከጎኑ ደግሞ ባዶ ሠንጠረዥ ያስምሩ። እያንዳንዱ ውጤት ሲመለስ እዚያ ይሞላሉ። ወላጅም ይፈርምበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ይህን ገጽ ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ ጻፉት። አማርኛ በሚነገርበት በአማርኛ፣ በሌላውም በአካባቢው ቋንቋ። ማንበብ የማይችል ወላጅ ካለ ልጁ ያንብብለት። «ልጄ ያነበበልኝ ይኼ ነው» ብሎ ወላጅ ስብሰባ ላይ ደብተር ይዞ የመጣ አባት ገጥሞኛል። ከዚያ በኋላ ስለ ማርክ የተነጋገርነው በአንድ ቋንቋ ነበር።

4. የዘመን አቆጣጠሩን ጉዳይ አስቀድማችሁ ፍቱ

ይህ የታሪክ መምህር ብቻ የሚያውቀው ራስ ምታት ነው። ተማሪው ከቤትም ከበዓልም አድዋን በ1888 ያውቀዋል። መጽሐፉ 1896 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንደኛው በእኛ፣ ሁለተኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ምንም ሳትናገሩ 1888 የጻፈውን «ስህተት» ካላችሁት ልክ የሆነ ልጅ ቀጣችሁ ማለት ነው።

የእኔ ደንብ ይህ ነው። ሁለቱንም እቀበላለሁ። ነገር ግን ከቁጥሩ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ መጻፍ አለበት። በምርጫ ጥያቄ ላይ ደግሞ የትኛውን እንደተጠቀምኩ እኔው እጽፋለሁ።

ምልክቱ ላይ ድርቅ የምለው በምክንያት ነው። አንድ ተማሪ የውጫሌን ውል 1881፣ አውሮፓውያን አፍሪካን ስለመቀራመት የተነጋገሩበትን የበርሊን ጉባኤ ደግሞ 1884 ብሎ ጻፈ። ከዚያም «ጉባኤው የመጣው ከውሉ በኋላ ነው» ብሎ ደመደመ። ውሉን በእኛ፣ ጉባኤውን በእነሱ አቆጣጠር ወስዶ ነው። በአንድ አቆጣጠር ስናደርገው ጉባኤው የተካሄደው በ1877 ዓ.ም. ነው። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ጉባኤው ይቀድማል። ነገሩ የአንድ ቁጥር ስህተት ብቻ አይደለም። ልጁ ምክንያቱንና ውጤቱን ገልብጦታል። ሰባትና ስምንት ዓመት መደመርና መቀነስን በመጀመሪያው ሳምንት አለማምዷቸው። ዓመቱን ሙሉ ያሳርፋችኋል።

5. የድርሰት እርማት መስፈርት አውጡ፤ ከፈተናው በፊትም አሳዩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እኔ ከ10 የማርመው እንዲህ ነው። ለጥያቄው ቀጥተኛ መልስ ከሰጠ 2። ማስረጃ ካቀረበ እስከ 4። ማስረጃውን ከመልሱ ጋር ካያያዘ፣ «ስለዚህ» እና «ምክንያቱም» የሚሉት ቃላት እውነተኛ ሥራ ከሠሩ እስከ 3። ለአጻጻፍና ለቅደም ተከተል 1።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ጥያቄው «ኢትዮጵያ አድዋ ላይ ለምን አሸነፈች?» ነው እንበል።

የመጀመሪያው ተማሪ እንግሊዝኛው ንጹሕ ነው። የካቲት 23 ይላል። አፄ ምኒልክን፣ እቴጌ ጣይቱን፣ ራስ መኮንንን፣ ራስ አሉላን፣ ጄኔራል ባራቲየሪን ይዘረዝራል። ስሞቹ በሙሉ ልክ ናቸው። ግን «ለምን» የሚለውን አልነካውም። ለመልስ 0፣ ለማስረጃ 3፣ ለማያያዝ 0፣ ለአጻጻፍ 1። ድምሩ 4 ነው።

ሁለተኛዋ ተማሪ ግሶቿ የተዘበራረቁ ናቸው። ያለፈውን ጊዜ በአሁን ጊዜ ግስ ትጽፋለች። ነገር ግን በመጀመሪያው መስመር ላይ «ያሸነፍነው በሁለት ምክንያት ነው» ትላለች። አንደኛው ክተት ነው። ከየአቅጣጫው የመጣው ጦር ወደ 100,000 ይጠጋል፣ የጣሊያን ጦር ግን 20,000 እንኳ አይሞላም። ሁለተኛው የጣሊያኖቹ ካርታ ነው። በሌሊት ሲጓዙ በተሳሳተው ካርታ ምክንያት አንዱ ክፍል ከሌሎቹ ርቆ ወደፊት ገባ፤ «ስለዚህ ተራ በተራ ተመቱ» ብላ ትዘጋለች። ለመልስ 2፣ ለማስረጃ 3፣ ለማያያዝ 3፣ ለአጻጻፍ 0። ድምሩ 8።

እነዚህን ሁለት መልሶች ስም ሳትጠሩ ሰሌዳ ላይ ጻፏቸው። ተማሪዎቹ በመስፈርቱ ራሳቸው ያርሟቸው። አብዛኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ለአንደኛው ብዙ ማርክ ይሰጣል፤ እንግሊዝኛው ስላማረ። ከዚያ በመስፈርቱ መስመር በመስመር ሲያዩት ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። ይህ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው። ካደረጋችሁት በኋላ «ምን ብዬ ልጻፍ?» የሚለው ጥያቄ በጣም ይቀንሳል።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልጨምር። ታሪክን በእንግሊዝኛ እናስተምራለን፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። በቃል በአማርኛ ብትጠይቁት ግማሽ ሰዓት የሚያስረዳችሁ ልጅ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይጽፋል። ስለዚህ ለሰዋስው የማስበው ከ10 ውስጥ 1 ብቻ ነው። ቃል የጠፋበት ተማሪ ደግሞ ያን ቃል በራሱ ቋንቋ ጽፎ እንዲያልፍ እፈቅዳለሁ። «ክተት»፣ «ገባር»፣ «ርስት» የሚሉትን ቃላት እኔም በእንግሊዝኛ ፍቺ ብቻ አላስተምራቸውም። እንዳሉ ይጻፉ።

አንዳንድ ተማሪ «ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ነው፣ ድርሰት ለምን?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ አጭር ነው። ለምን የሚለውን መጻፍ የለመደ ልጅ በምርጫ ላይ አራቱም መልስ ሲመሳሰሉበት የሚለይበት ነገር ይኖረዋል። የሸመደደ ልጅ ግን ቃሉ ትንሽ ከተቀየረ ይጠፋበታል።

6. ምንጭ እንዲመረምሩ አድርጉ፤ አቋማቸውን ግን አታርሙ

ለምንጭ ንባብ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ የሚያህል የለም። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መገናኘት «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣሊያንኛው ቅጂ መሠረት ግን ግንኙነቱ በጣሊያን በኩል መሆን አለበት ተብሎ ተተረጎመ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስጡና ሦስት ነገር ጠይቁ። ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? ከልዩነቱ ማን ይጠቀማል? አንተ ምኒልክን ብትሆን ምን ብለህ ትጽፍ ነበር? ሦስቱም አንድ ላይ ከ5 ይታረማሉ።

ከባድ የሚሆነው ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ነው። ልጆቹ ከቤታቸው የሰሙትን ይዘው ይመጣሉ። በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ስለ አንድ ንጉሥ ወይም ስለ 1966 አብዮት የተቃረነ ነገር ሰምተው ያደጉ ሊሆኑ ይችላሉ። መስፈርቴ ላይ «አቋም» የሚል ሳጥን የለም። ከእኔ ሐሳብ ጋር ስለተስማማ ማርክ አይጨመርም፣ ስላልተስማማም አይቀነስም። የሚታየው ማስረጃው ነው። ይህን በቃል አትተዉት፤ በደንቡ ገጽ ላይ ጻፉት። ተማሪ መምህሩን አይቶ መልስ መምረጥ ከጀመረ ታሪክ መማሩን አቁሟል።

7. የቃል ታሪክ ፕሮጀክት

እኔ የምወደው ሥራ ይህ ነው። ተማሪው አንድ ትልቅ ሰው መርጦ በሕይወታቸው ስላዩት አንድ ነገር ይጠይቃል። ማርኩ 15 ነው። ለተዘጋጁት ጥያቄዎች 3፣ ለተጻፈው ቃል 4፣ ዘመኑን ለማረጋገጥና ከመጽሐፉ ጋር ለማነጻጸር 5፣ ለራሱ አስተያየት 3።

ትልልቅ ሰዎች ዓመት በቁጥር አይናገሩም። «በጣሊያን ጊዜ»፣ «ጃንሆይ ሳይወርዱ»፣ «እከሌ በተወለደ በዓመቱ» ይላሉ። ሥራው እዚያ ላይ ነው። አንዲት ተማሪዬ አያቷ መቼ ፊደል እንደቆጠሩ ጠየቀቻቸው። «እናትሽን አዝዬ ነው የተማርኩት» አሏት። ልጅቷ የእናቷን የትውልድ ዓመት አየች፤ 1970 ዓ.ም. ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጀመረው በ1971 መሆኑን ከመጽሐፍ አገኘች። ሕፃን የሚታዘልበትን ዕድሜ አስባ «1971 ወይም 1972» ብላ ጻፈች። «ወይም» የምትለዋን ቃል ክብ አድርጌ ከጎኗ «ጎበዝ» ብዬ ጻፍኩላት። እርግጠኛ የሆነችበትንና ያልሆነችበትን ለይታለች። 5 ከ5 ሰጠኋት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ አንዳንድ ትዝታ ያማል። ዘመድ የሞተበትን፣ የታሰረበትን ዘመን መናገር የማይፈልጉ ሰው ካሉ ልጁ አያስገድዳቸው። ሌላ ርዕስ ወይም ሌላ ሰው ይምረጥ፤ ማርክ አይቀነስበትም። ሁለተኛ፣ አያት ወይም ዘመድ በአቅራቢያው የሌለው ልጅ አለ። የሰፈር ሽማግሌ፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ይሆናሉ። አስቀድማችሁ ፈልጉለት።

8. የዘገየ፣ የቀረና የተኮረጀ ሥራ

ዜሮ ምን እንደሚያደርግ በሒሳብ እዩት። አንድ ልጅ በአራት ሥራ 8፣ 8፣ 8፣ 8 አግኝቶ በአምስተኛው ዜሮ ቢሰጠው አማካዩ 6.4 ይሆናል። 6.4 የዚህ ልጅ ችሎታ አይደለም።

የዘገየ ሥራ እቀበላለሁ። በቀን 1፣ ቢበዛ ግን ከ10 ላይ 2 ብቻ እቀንሳለሁ። ይህች ሁለት ለምን ቀረች ብትሉኝ፣ በጊዜው ያመጡትን ልጆች ማክበር ስላለብኝ ነው። የታረመው ለክፍሉ ከተመለሰ በኋላ የመጣ ሥራ ግን ሌላ ጥያቄ ይሰጠዋል፤ የጓደኛውን እንዳይገለብጥ። ታሞ ወይም ለቅሶ ደርሶበት የቀረ ምንም አይቀነስበትም። በመኸር ወራት አዝመራ የሚሰበስቡ፣ ከትምህርት በኋላ የሚሠሩ ልጆች ካሏችሁ የማስረከቢያ ቀኑን ስትቆርጡ እነሱን ጠይቁ።

ኩረጃ ላይ ደንቤ ጠንከር ይላል። በፋይናል ላይ የትምህርት ቤቱ ደንብ ይሠራል፤ እኔ አልደራደርም። በአሳይንመንት ላይ ግን ልጁን ጠርቼ ስለጻፈው ነገር ሁለት ደቂቃ በቃል እጠይቀዋለሁ። ከቴሌግራም ያመጣውም ሆነ በኤአይ ያስጻፈው እዚያ ይታወቃል። የጻፈውን ካላወቀው ለዚያ ሥራ ማርክ የለውም። በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ ርዕስ ይዞ እዚያው ክፍል ውስጥ እኔ ፊት ይጽፋል። ያገኘው ይያዝለታል።

ግሩፕ ወርክ ላይ አንዱ ጽፎ ስድስቱ ስም ያስመዘግባሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ማርኩን ክፈሉት። ሥራው ከ5 የሚታረም ከሆነ 3ቱ የቡድን፣ 2ቱ የግል ይሁን። የግሉን በዕጣ በወጣ አንድ ጥያቄ በቃል ጠይቁ።

9. ወረቀት መልሱ፣ ቅሬታ ተቀበሉ

ከአንድ ሳምንት በላይ እጃችሁ ላይ አታቆዩ። ስታርሙ ስም የተጻፈበትን ጫፍ እጠፉት። የማን ወረቀት እንደሆነ ካወቅን እጃችን ሳይታወቀን ያደላል። በሰነፍነቱ የምናውቀውን ልጅ ጥሩ መልስ እንኳ ተጠራጥረን ነው የምናነበው።

ለቅሬታ ሁለት ቀን ስጡ። ቅሬታው በጽሑፍ ይሁን፤ ወረቀቱ ጀርባ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ቲቸር አንድ ማርክ ብቻ ጨምሩልኝ» አይሠራም። «ሁለተኛው ማስረጃዬ አልተቆጠረም» ይሠራል። ድምር ከተሳሳታችሁ ወዲያው፣ በክፍሉ ፊት «ልክ ነህ» በሉት። ለተማሪ በማርክ ላይ ሲሟገት መደመጥ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀቱን ሳያዩ ለመጡ ወላጆችና ለዘመድ ልጅ ግን ማርክ አይጨመርም፤ ጠያቂው ማንም ይሁን። ይህንንም ገጹ ላይ ጽፌዋለሁ።

10. ሮስተር (የክፍሉ የውጤት መዝገብ) ከመሞላቱ በፊት

ውጤቱን ለሆም ሩም መምህሩ ከማስረከባችሁ ከሦስት ቀን በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ያዙ። ስም በጠራችሁ ቁጥር ከ60 ያገኘውን ለብቻው፣ በዝግታ አሳዩት እንጂ ጮክ ብላችሁ አታንብቡ። እያንዳንዱ ተማሪ ደብተሩን በመጨረሻው ገጽ ይክፈት። በሴሚስተሩ ሲሞላው የቆየውን ሠንጠረዥ ይደምር። ከእናንተ መዝገብ ጋር ካልገጠመ እዚያው ዴስኩ አጠገብ ቁሙና አብራችሁ ፈልጉት።